«ለየት ብለው ለሚማሩ» የሚል የኦንላይን ኮሌጅ ጋር ከመፈረማችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ማንበብ የሚከብደው ወይም ሐሳቡ ቶሎ የሚበተንበት ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፤ እኛ 1,900 ዶላር የከፈልንበት ነገር አብዛኛው በሕግ ያለ ክፍያ መሰጠት የነበረበት ሆኖ ተገኘ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አቤቱታችን ገና አልተዘጋም፤ ደግሞም እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም። አካሄዱን ግን እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ነገ ስልካችሁ ሲጮህ እንድታውቁት።

ታናሽ ወንድሜ ዲስሌክሲያ (ማንበብ የሚያከብድ) እና ኤዲኤችዲ (ሐሳብ የሚበትን) አለበት። ሃይስኩል እያለ አይኢፒ፣ ማለትም ለእሱ ተብሎ የተጻፈ የድጋፍ ዕቅድ፣ ነበረው፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርለታል፣ ረጅም ጽሑፍ ይነበብለታል፣ የቤት ሥራውን የምትከታተልለት መምህርትም ነበረችው። ዲፕሎማውን በተቀበለ ማግስት ሁሉም ቆመ። አይኢፒ የተመሠረተበት ሕግ፣ አይዲኢኤ የሚባለው፣ መደበኛ የሃይስኩል ዲፕሎማ ሲያዝ ያበቃል። ኮሌጅ ያንን ወረቀት ተቀብሎ እንዳለ የማስቀጠል ግዴታ የለበትም። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ሻጮቹ የሚገቡትም በዚህች ክፍተት ነው።

አንድ ማታ ለየት ብለው ለሚማሩ ድጋፍ ያላቸውን የኦንላይን አሶሼት ዲግሪዎች (ከባችለር በታች ያለው የኮሌጅ ዲግሪ) ስፈልግ «ምርጥ አሥር» የሚል ዝርዝር መጣልኝ፣ ከሥሩ ስምና ስልክ የሚሞላበት ቅጽ። ሞላሁት። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ፤ በዚያው ሳምንት ሰምቻቸው የማላውቅ ኮሌጆች ሁሉ ደወሉ። እንዲህ ያሉት ዝርዝሮች ብዙዎቹ ማስታወቂያ ናቸው፤ ቅጹን የሞላ ሰው ስልክ ለትምህርት ቤቶች ይሸጣል። ቁጥሬን በገዛ እጄ ገበያ አወጣሁት።

ከደወሉት አንዷ «የመግቢያ አማካሪ ነኝ» አለች። ማር ጠብ የሚል አንደበት ነበራት። «ወንድምሽ ምንም አልጎደለውም፣ ለየት ብሎ ነው የሚማረው» ስትለኝ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ለእማዬ ተረጎምኩላት። እማዬ አለቀሰች። ዕድሜውን ሙሉ «ሰነፍ ነው»፣ «ልቡ እዚህ የለም»፣ «ቆንጠጥ ቢደረግ ይሻለዋል» ሲባልበት ለኖረ ልጅ እናት ያቺ ቃል ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። እኔም ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ነውር መሰለኝ።

ዋጋው ይኸውላችሁ። አንድ ክሬዲት 480 ዶላር። ተርሙ ስምንት ሳምንት ነው፤ በተርም ሁለት ኮርስ፣ ስድስት ክሬዲት፣ 2,880 ዶላር። የቴክኖሎጂ ክፍያ 150። «ልዩ የትምህርት ድጋፍ ፓኬጅ» ደግሞ 950። ድምሩ በተርም 3,980። ከፊሉን ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ሸፈነ፤ ለቀሪው ከባንክ የግል ብድር ተወሰደ፣ እኔም ኮሳይን አደረግሁ። (ኮሳይን ማድረግ ምስክር ሆኖ መፈረም እንዳይመስላችሁ። እሱ ባይከፍል ባለዕዳዋ እኔ ነኝ፤ ክሬዲት ስኮሬም አብሮ ይወድቃል።) አሶሼት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው፤ በዚህ አካሄድ አሥር ተርም ይፈጃል፣ የድጋፉ ፓኬጅ ብቻውን 9,500 ዶላር ይደርሳል ማለት ነው። ይህችን ማባዛት የሠራኋት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ፓኬጁ ሲፈታ ሦስት ነገር ነው ያለበት፦ ፈተና ላይ አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆን ሰዓት፣ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ በሳምንት 15 ደቂቃ የሚደውል «የስኬት አሠልጣኝ»።

የመጀመሪያው የሚሸጥ ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የሪሃቢሊቴሽን ሕግ ክፍል 504 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበልን ኮሌጅ ሁሉ ይገዛል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ፣ ኤዲኤ፣ ደግሞ የመንግሥቱንም የግሉንም ያካትታል። ትምህርቱ ኦንላይን መሆኑ ነፃ አያወጣቸውም። የፈተና ሰዓት መጨመር፣ የመጽሐፉን በድምፅ የሚነበብ ቅጂ ማቅረብ፣ ኖት የሚይዝ ሰው ማዘጋጀት፣ እነዚህ አኮሞዴሽን ይባላሉ፤ ለሚገባው ተማሪ ሲሰጡ ሒሳቡን ተማሪው ላይ መጫን አይቻልም።

ሁለተኛው ስልካችሁ ውስጥ ያለ ነው። አይፎንም አንድሮይድም ስክሪን ላይ ያለውን ያነባሉ፤ የማይክሮሶፍት ኢመርሲቭ ሪደር በነፃ ነው። መደበኛ መጽሐፍ ማንበብ የማይችል መሆኑ ለተረጋገጠ የአሜሪካ ተማሪ ቡክሼር የሚባለው ላይብረሪም ያለ ክፍያ ይከፈትለታል። ወንድሜ ፓኬጁ ውስጥ የተሰጠውን ሶፍትዌር ሁለት ቀን ሞክሮ «እትዬ፣ የስልኬ ይሻላል» ብሎ ተወው።

ሦስተኛው ላይ ፍርድ ማዛባት አልፈልግም። አስጠኚ ወይም የግል አሠልጣኝ ማቅረብ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ ኮሌጅ ሊያስከፍልበት ይችላል፣ ጥሩ ከሆነም ዋጋ አለው። እንግዲህ ከፓኬጁ ውስጥ በሐቅ የሚሸጠው ይሄ ብቻ ከሆነ ሒሳቡን እንሥራ። 15 ደቂቃ በስምንት ሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። 950 ዶላር ለሁለት ሰዓት። በሰዓት 475 ዶላር! ጠበቃም አማርጠን እንቀጥርበታለን። ከስምንቱ ስልክ የተደወለው አምስቱ ሲሆን በአንድ ተርም ሦስት አሠልጣኝ ተቀያየረ፤ አዲሱ በመጣ ቁጥር ወንድሜ ችግሩን ከሀ ጀምሮ ያስረዳል። የመጨረሻው ጥሪ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስለ ድርሰቱ አንድ ቃል አልተነሣም። «ለቀጣዩ ተርም ተመዝግበሃል? ክፍያህ ገብቷል?» ነበር ጥያቄው። አሠልጣኝ የተባለው ሰው ለካ ተማሪ እንዳያመልጥ የተቀመጠ ሻጭ ነው።

ስለ ስምንት ሳምንቱ ካልነገርኳችሁ ግን ዋናውን አልነገርኳችሁም። ብዙ ኮሌጅ በ15 ወይም 16 ሳምንት የሚያስተምረው ኮርስ በግማሹ ጊዜ ይጨመቃል። «በራስህ ፍጥነት፣ በፈለግህበት ሰዓት» ብለው ነው የሚሸጡት። ቀጠሮ ለሚረሳ፣ ሥራ ለመጀመር ለሚቸግረው ልጅ ይህ ማለት ማንም አያስታውስህም ማለት ነው። በየሳምንቱ ሁለት የውይይት ጽሑፍ፣ ለሌሎች ተማሪዎች መልስ፣ አንድ ፈተና፣ በዚያ ላይ የሚነበበው ምዕራፍ፤ አንድ ሳምንት ከቀረ ሁለተኛው ላይ ይቆለላል። ፈተና ላይ የተጨመረው ሰዓት ለጽሑፎቹ ማስረከቢያ ቀን አይሠራም ተባልን። ችግሩ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነበር። ለመሆኑ ይህን ኮርስ የነደፈው ሰው ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው አይቶ ያውቅ ይሆን?

የመጀመሪያውን ተርም በግድ ተሻገረ፣ ስድስቱንም ክሬዲት አለፈ። በሁለተኛው ተርም ሦስተኛ ሳምንት ላይ እንቅልፍ አጣና አቋረጠ። እኔ ሞኟ ዕዳው እዚያው የቆመ መስሎኝ ነበር። በፌዴራል ደንብ ተማሪ ከተርሙ 60 በመቶ ሳይሞላ ካቋረጠ፣ ያልተማረበት ጊዜ ድርሻ የሆነው የመንግሥት እርዳታ ተመላሽ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱ የተመላሽ ቀን ካለፈ ክፍያውን ሙሉ ሊጠይቅ ይችላል። ክፍተቱ የሚሞላው ከተማሪው ኪስ ነው። 1,140 ዶላር የሚል ቢል መጣ። የሁለተኛው ተርም የድጋፍ 950 ደግሞ «ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አይመለስም» ይላል፣ በትንንሽ ፊደል። ልከራከር ስደውል «ከተማሪው ፈቃድ ውጭ አናናግርሽም» አሉኝ። ፌርፓ የሚባለው ሕግ እውነትም እንደዚያ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ መረጃ የራሱ ነው፣ እናትም እህትም ብትሆኑ። ስትመዘገቡ የፈቃድ ቅጹን ካላስፈረማችሁት ብድሩን የምትከፍሉ እናንተ፣ መረጃ የማታገኙም እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የተገለጠልን አካባቢያችን ያለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ስንሄድ ነው። የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ የተቀበለችን ሴት ወረቀቱን እያየች «በፊት የነበርክበት ቦታ ተጨማሪ ሰዓቱን እንዴት ነበር የሚሰጡህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ከፍለን» አለ ወንድሜ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለሰዓቱ?»

ከዚያ በኋላ ያስረዳችንን ነው እስካሁን የነገርኳችሁ። ከስድስቱ ክሬዲትም እዚያ የተቀበሉት ሦስቱን ነው። ሌላው ኮርስ «የስኬት ክህሎት» የሚባል ነበርና አቻ የለውም ተብሎ ቀረ። ክሬዲት ተቀበለ አልተቀበለ የሚወስነው የሚሄዱበት ኮሌጅ እንጂ የሸጠው አይደለም። ሻጯ «ዕውቅና አለን» ያለችው ውሸት አልነበረም፤ ጥያቄው ግን የማን ዕውቅና ነው የሚለው ነው። ለብዙ ኮሌጆች ዕውቅና ይሰጥ የነበረው ኤሲአይሲኤስ ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉን ተቀባይነት ተነጥቋል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ዕውቅና ያላቸው ኮሌጆች መዝገብ አለ፤ እሱን ካያችሁ በኋላ ወደፊት ልጁ ባችለር ሊቀጥልበት ለሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ደውሉና «የእነዚህን ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» በሉ። «አፕላይድ» የሚል ስም ያለው አሶሼት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ለቀጥታ ሥራ የተዘጋጀ እንጂ ለመሸጋገሪያ የታሰበ አይደለም።

አሁን ሆዴ ውስጥ የሚብላላውን ልናገር። ያቺን የኮሚኒቲ ኮሌጁን ቢሮ ቀድሞም እናውቃት ነበር። እማዬ የበሩን ጽሑፍ ስተረጉምላት «ልጄ አካለ ጎዶሎ ነው እንዴ?» ብላ አልገባም ብላ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬያት ተመለስኩ። «ለየት ብሎ ይማራል» የሚለው ቃል ጆሮ ያሞቃል፣ ሕጉ ውስጥ ግን የለም። መብቱ የታሰረው እኛ በምንሸሸው ቃል ላይ ነው፤ ተማሪው ራሱ ቢሮው ሄዶ «ጉዳት አለብኝ፣ ይህ ነው ማስረጃዬ» ካላለ ኮሌጁ ፈልጎ አያገኘውም። የኮሌጁ ሻጮች ይህን ያውቃሉ። የምናፍርበትን ቃል አንሥተው በሚጣፍጥ ቃል ተኩ፣ የቃሉን ዋጋ ደግሞ ቢል ላይ ጻፉት።

ድጋፍ አለን የሚሉት ሁሉ አታላዮች አይደሉም። ቬርሞንት ውስጥ ፑትኒ ያለው ላንድማርክ ኮሌጅ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፍሎሪዳ ሊዝበርግ ያለው ቢከን ኮሌጅ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ተብለው የቆሙ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ቀላል አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ለማንኛውም ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ለመግቢያ ቢሮው ሳይሆን ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮው ኢሜይል ጻፉ። ክፍያ የሌለው የትኛው ነው፣ ክፍያ ያለው የትኛው ነው፣ የማስረከቢያ ቀን ማራዘም ይቻላል ወይ፣ አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ይይዛል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኛ የገባንበት ቦታ ለብቻው የሚደወልበት እንዲህ ያለ ቢሮ አልነበረውም፤ ጥያቄ ሁሉ ተመልሶ ሻጯ ጋ ነበር የሚደርሰው። ያኔ ብነቃ ኖሮ።

ልጃችሁ ገና ሃይስኩል ከሆነ ሳይመረቅ የመጨረሻውን የግምገማ ሪፖርት አሠርታችሁ ያዙ። ኮሌጅ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፣ አይኢፒ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፣ ግምገማውን በግል ማሠራት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። በየስቴቱ ያለውን፣ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለሥራ የሚያግዘውን የቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ቢሮም አትርሱ፤ የመማር ችግር ያለበት ሰው ብቁ ሆኖ ከተገኘና ትምህርቱ ከሥራ ግቡ ጋር ከተያያዘ የኮሌጅ ወጪ ሊረዳ ይችላል። ባንክ ጋ ከመሄዳችን በፊት መሄድ የነበረብን እዚያ ነበር።

እንደኛ ከፍላችሁ ከሆነ ለትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል፤ በደሉ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ከማቋረጣችሁ በፊት ግን ውሉን፣ ቢሉን፣ ከአሠልጣኙ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሡ። የወንድሜ አካውንት ባቋረጠ በማግስቱ ተዘጋ፤ አሁን በእጃችን ያለው እማዬ እንዲታይላት ብላ ለአክስቴ በቫይበር የላከችው የፓኬጁ ደረሰኝ ፎቶ ነው።