የቦረናው የእንስሳት መድን፦ ዓረቦኑን ከመክፈልዎ በፊት

አብዛኛው ሰው «ከብት ሲሞት የሚከፍል» ብሎ ይገዛዋል። ቅሬታውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በ2004 ዓ.ም. ክረምት በቦረና የጀመረው መድን ሬሳ አይቆጥርም፤ የሚለካው ግጦሽ ነው። ሳተላይት በየ10 ቀኑ የወረዳውን ልምላሜ ያነሳል፤ የወቅቱ ልኬት ካለፉት ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ ከመቶ 15 ከሚሆኑት ክፉ ወቅቶች ተርታ ከወረደ ካሳ ይከፈላል። ከብቱ በሕይወት ቢኖርም ይከፈላል። በበሽታ፣ በጎርፍ፣ በአውሬ ወይም በግጭት ላለቀ ከብት ግን አምስት ሳንቲም የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ውል ላም 5,000፣ ግመል 15,000፣ ፍየልና በግ 700 ብር ተተምነው ነበር። በዚያ ተመን 4 ላምና 10 ፍየል ያስመዘገበ የ27,000 ብር ዋስትና ያገኛል፤ የወረዳው የዓረቦን ምጣኔ 9 በመቶ ቢሆን ዓረቦኑ 2,430 ብር ነው። ምጣኔው በየወረዳው ስለሚለያይ የዛሬውን ከሻጩ ይጠይቁ። ካሳው የሞተች ላም ይተካል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የድርቆሽ ገንዘብ ብሎ መያዙ ይሻላል። ስለዚህ መንጋውን ሁሉ ሳይሆን እቤት አስረው የሚቀልቧቸውን የወተትና የርቢ ላሞች ብቻ ያስመዝግቡ።

ሽያጩ በነሐሴና መስከረም፣ እንዲሁም በጥርና የካቲት ነው። ዝናቡ ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ መሸጡ አግባብ ነው፤ ግን ጊዜው ኪስም ከብትም የሚከሳበት ነው። ጋና ከሚባለው ከዋናው የዝናብ ወቅት በኋላ ከብቱ ሰብቶ ሲሸጥ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ዓረቦኑን ለይቶ ማስቀመጥ ይበጃል። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ «አምና ምንም አላገኘሁም» ብሎ ያቋረጠ፣ ከ2013 እስከ 2015 እንደታየው ዝናብ በተከታታይ ሲቀር ባዶ እጁን ይቀራል።

ትልቁ ጉድለቱ ቁጥቋጦው ነው። ግጦሽ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ እሾሃማ ዛፍ ቦረናን ወርሯል። ትንሽ ካፊያ ሲጥል ቅጠሉ ወዲያው ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ግን ራቁቱን ነው። ግመልና ፍየል ከላይ ይቀነጥባሉ፣ ላም ትራባለች። ሳተላይቱ ከላይ የሚያየው አረንጓዴውን ነው። ልኬቱ ቦታውን ከራሱ ያለፈ ጊዜ ጋር ስለሚያነጻጽር ጥንት የነበረ ቁጥቋጦ ብዙም አያሳስትም፤ በየዓመቱ እየጨመረ የሚሄደው ግን ክፉውን ወቅት ደህና ያስመስለዋል። ቀበሌያቸው በዛፍ የተዋጠ ከብት አርቢዎች ይህን አስበው ይግዙ።

ሌላው ፎራ፣ ማለትም ግጦሽ ፍለጋ ከመኖሪያው ርቆ የሚሰማራው መንጋ ነው። መንጋው ሌላ ወረዳ ወርዶ ውሉ በመኖሪያ ወረዳ ከተጻፈ፣ የሚለካው ከብቱ የሌለበት መሬት ነው።

ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ መንግሥት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመረጡ ችግረኛ አርብቶ አደሮች እስከ 5 ላም የሚመጥን ዓረቦን ሙሉ በሙሉ ይከፍል ነበር፤ ሽፋኑ ለአንድ ላም 14,000 ሽልንግ ነበር። በሶማሌ ክልልም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ2010 ወዲህ ለሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በጉልበት ሥራ ልዋጭ ዓረቦን ከፍሏል። ከኪስ ብቻ በሚከፈልበት ቦታ ድሃው ዳር ይቀራል።

ሲገዙ ደረሰኙ ላይ የወረዳው ስም፣ የእንስሳቱ ቁጥርና የስልክ ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት ልጅ ይዞ ይሂድ።