ለደሴ ቢሮና ለኮምቦልቻ መጋዘን የትኛው ቪፒኤን ይሻላል?

ቢሯቸው ደሴ ፒያሳ፣ መጋዘናቸው ኮምቦልቻ የሆነ ነጋዴዎች ለአንድ የሂሳብ ሪፖርት ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ከመመለስ ቪፒኤን (ሁለት ቦታዎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኝ ዘዴ) ማስገባት ሲያስቡ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት የራውተር ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን የቢሮው መስመር ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) እንዳለው መጣራት አለበት። ራውተሩ ከኢንተርኔት በኩል የያዘው አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ፣ ፐብሊክ አይፒው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚጋራ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ቢሮው አይደርስም። ያን ጊዜ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ፣ አለዚያም ፐብሊክ አይፒ ሳይኖር የሚያገናኝ እንደ ቴይልስኬል ያለ አገልግሎት መጠቀም ያስፈልጋል።

አይፒው ካለ ምርጫው በሁለት የቪፒኤን ዓይነቶች፣ በኦፕንቪፒኤንና በዋየርጋርድ፣ መካከል ይሆናል። ኦፕንቪፒኤን ከቁልፍ (በመሣሪያው ላይ ከሚቀመጠው የምስጢር ኮድ) በተጨማሪ የይለፍ ቃል መጠየቅ ይችላል፤ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር፣ በቲሲፒ 443፣ መሥራት ስለሚችልም ዩዲፒ የተባለው ሌላው የመረጃ መላኪያ መንገድ በተዘጋበት ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዋየርጋርድ በዩዲፒ ብቻ ይሠራል፤ ቁልፉ ያለበት ስልክ የጠፋበት ሠራተኛም ወዲያው ካላሳወቀና ቁልፉ ካልተሰረዘ አደጋ አለው። ቢሆንም መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ማንም እንደገና ሳይገባ ግንኙነቱ ስለሚቀጥል፣ ለእኛ ከተሞች እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ያገለገለ ማይክሮቲክ ራውተር የሚገዛ ሰው ዋየርጋርድ የሚገኘው ራውተርኦኤስ በተባለው የራውተሩ ሶፍትዌር ከስሪት 7 ጀምሮ መሆኑን ይወቅ። የቆየውን የቪፒኤን ዓይነት ፒፒቲፒን ግን ምስጠራው ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉት በነፃ ቢሰጥም አልመክርም።

በፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም ለሚሠሩ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአንድ ቢሮ ቪፒኤኑን ዘርግተን ከጨረስን በኋላ፣ የመጋዘኗ ሂሳብ ሠራተኛ የደሴውን ፋይል ከፍታ አንድ ደረሰኝ እስክትመዘግብ ሻይዋ ይቀዘቅዝ ነበር። ጥፋቱ የቪፒኤኑ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን በጥቃቅን ጥያቄዎች እየተመላለሰ ስለሚያነብ ርቀቱ ያዘገየዋል፤ መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ደሴ ያለውን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ እንድትከፍት ስናደርግ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ሆነና ሥራው ቀለለ። ለዚህ ግን የደሴው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ ሊኖረው ይገባል፤ ሆም የተባለው ዓይነት በሪሞት ዴስክቶፕ ከሌላ ቦታ እንዲከፈት አይፈቅድም።

በመጨረሻም ሁለቱም ቦታዎች በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ከተጠቀሙ ኮምፒውተሮቹ ስለማይገናኙ፣ ባለሙያው ገጠማውን ከመጀመሩ በፊት የአንዱን፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.37፣ እንዲቀይር ይጠየቅ።