ለጋሽ ፋይበር ምስጋና፦ አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ ለኖረችው ጀልባዬ

ባሕር ዳር ወደብ ላይ የምትውሉ ሰዎች ጀልባዬን ታውቋታላችሁ። ሰማያዊዋ ነች። ጋዝ ሲሰጣት አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ የምትሄደው። መሪው ላይ ተቀምጬ የክብራን ገብርኤልን ደሴት ማየት ሲገባኝ የማየው ደመና ነበር። ስለዚህ ቆሜ ነው የምነዳው። አንዳንዱ ተሳፋሪ «ካፒቴን፣ ልትበር ነው እንዴ?» ይለኛል። ስቄ አልፋለሁ። ሆዴ ግን ይቃጠላል፤ ቤንዚኑም እንደዚያው።

ዛሬ የምጽፈው ይህን ያስተካከሉልኝን ሰው ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ ሲነሳ አይወዱም። ወደብ ላይ ሁሉም «ጋሽ ፋይበር» ነው የሚላቸው። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ብዙ ዓመት ጅቡቲ ጀልባ ሲጠግኑ ኖረው ነው ወደዚህ የመጡት።

መጀመሪያ ስለ ጀልባዋ ልንገራችሁ። 22 ጫማ ነች፤ 6 ሜትር ከ70 ገደማ። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ስትሠራ የታሰበላት ቀላሉ የድሮ ሞተር ነበር። አሮጌው 85 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሲደክምብኝ 90 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ገዛሁ። ጭስ የለውም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል ተባልኩ። እውነት ነው። ያልተነገረኝ ክብደቱ ነው። ከድሮው ከ40 ኪሎ በላይ ይበልጣል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው ደግሞ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ልጅ እግሩን ሰቅሎ ሁልጊዜ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ቁጠሩት።

በዚያ ላይ ጣና ራሱ አለ። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይደክማል። መካኒኮች በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል ይላሉ። አስሉት። 90 ብዬ የገዛሁት ባሕር ዳር ላይ የሚያገለግለኝ እንደ 74 ሆኖ ነው። 16ቱ ፈረስ ከጅቡቲ ሽቅብ ሲወጡ መንገድ ላይ ቀሩ።

ሞገዱንም አትርሱ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሞገዱ አጭርና ቁጡ ነው። ጠዋት መስተዋት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ግን አፍንጫዋን የሰቀለች ጀልባ በየሞገዱ ላይ ጧ! ጧ! እያለች ትወድቃለች። ናርጋ ሥላሴ ያደረስኳቸው አንዲት እናት ሲወርዱ «ልጄ፣ ለመሳለም መጥቼ ወገቤን ሰጥቼ ልመለስ?» ብለውኛል። አልረሳውም።

ላንጋኖ ላይ ጀልባ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው «ትሪም ታብ አስገጥም» ያለኝ። ለማያውቅ፦ ከጀልባ ኋላ፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ሁለት የስቴንለስ ላሜራዎች ናቸው። እንደ በር በማጠፊያ ይንቀሳቀሳሉ። ዝቅ ሲሉ ከሥር የሚሮጠው ውሃ ይገፋቸውና ኋላዋን ያነሳል። ኋላ ሲነሳ አፍንጫ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚታዘዙ ጀልባ በአንድ ጎን ስታጋድልም ያቃናሉ። ወፈር ያሉ ተሳፋሪን «እባክዎ ወደዚህኛው ወንበር ይዙሩልኝ» ከማለት መገላገል ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሽ ፋይበር ዘንድ ሄጄ «ዕቃውን ልግዛ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ጀልባዋ ላይ ወጡና የኋላውን መክደኛ ከፈቱት። ሁለት ባትሪ። ሦስት ጀሪካን ቤንዚን። መልህቅ፣ ገመድ፣ እኔም የረሳሁት ብዙ ዝባዝንኬ። ሁሉም ኋላ።

«አንተ ልጅ፣ ጀልባዋ ምን ታድርግ? አንተው እኮ ነህ ቁጭ በይ ያልካት!»

በዚያው ቀን ጀሪካን ሲያሸክሙኝ ዋሉ። አንዱን ባትሪና ቤንዚኑን ወደ መሃል አምጥተን አሰርን። መልህቁ ወደ ፊት ሄደ። ቀጥሎ ውሃ ላይ ወጥተን ሙሉ ጋዝ አሰጡኝ። ቆጣሪው በደቂቃ 4,600 ዙር ላይ ቆመ። ይህ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ከ5,000 እስከ 6,000 መድረስ አለበት። ፕሮፔለሩ፣ ከሞተሩ ሥር እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው፣ ለባሕር ወለል የተመረጠ ስለሆነ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል አሉ። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ በ2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር አስለወጡኝ። 5,000ን አለፈ። ጀልባዋም ቀለል አለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እስካሁን እሳቸው ከእኔ ያገኙት ሻይና የግማሽ ቀን ዋጋ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ታቡን ገጥሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሳቸው ግን «አሁን የተረፈውን ታቡ ይሠራዋል፤ ግዛ» አሉኝ። ልኩንም ነገሩኝ። ደንቡ ለእያንዳንዱ ጫማ የጀልባ ርዝመት በየጎኑ አንድ ኢንች የታብ ስፋት ነው። ለእኔ 22 ኢንች ማለት ነው። ሞተሩ መሃል ላይ ቦታ ስለሚይዝና ከሱም ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መራቅ ስላለበት 22ቱ አልገባም። «በጎን የጠበበውን በርዝመት እንካሰው» አሉና በጎን 18፣ ወደ ኋላ 12 ኢንች የሆነውን መረጡ። በባትሪ የሚሠራውን ባለ 12 ቮልት ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ አመጣልኝ።

ዕቃው ሲመጣ ነገ ይገጠማል ብዬ ነበር። አልተገጠመም።

ጋሽ ፋይበር የካቻቢቴውን እጀታ ይዘው የኋላውን ግድግዳ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን፣ ቦታ በቦታ ያንኳኩ ጀመር። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ከዚያ ከታች በቀኝ በኩል፦ ዱብ። እንደገና፦ ዱብ። ቀና ብለው አዩኝ። «ማነው እዚህ የበሳው?»

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ፣ ስሙ ይቅር፣ መሰላል አስሮልኝ ነበር። አራት ቀዳዳ ከውሃው በታች በሳ፣ ሲሊኮን ጠቀጠቀ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሄደ። እኔም ሲሊኮኑ ሲያብረቀርቅ አይቼ ተደስቻለሁ። የእንዲህ ያለ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ውጭው ፋይበር ይሁን እንጂ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ሲሊኮኑ ለቀቀና ውሃው ቀስ እያለ ሰረገ። ጋሽ ፋይበር ከውስጥ በኩል በቀጭን ድሪል አንድ ቀዳዳ ሲሞክሩ የወጣው ፍርፋሪ ጥቁርና እርጥብ ነበር። እንደ ቡና አተላ። በጣታቸው ፈጭተው አሸተቱት።

«ጅቡቲ ጨዉ ብረት ይበላል» አሉ። «እዚህ ደግሞ ጣፋጩ ውሃ እንጨት ይበላል። ሰው ጣና ጨው የለውም ብሎ ይዝናናል።»

እውነታቸውን ነው። ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዳክማል፤ ጣፋጭ ውሃ ግን ይመቸዋል። እንዲህ የበሰበሰ ግድግዳ ላይ ታቡን ብናስር አንድ ቀን መሃል ሐይቅ ላይ ብሎኑ ከነእንጨቱ ይነቀል ነበር። ከዚያም የሚገባውን ውሃ አስቡት።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከውስጥ ከፍተው የበሰበሰውን ጠርበው አወጡ። የቀረውን ጥላ ሥር ከዘጠኝ ቀን በላይ አደረቁት። እኔ በየቀኑ «አልደረቀም?» እላለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ጭነው «አልደረቀም» ይላሉ። አዲሱን ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ አጣበቁ፣ በላዩ ፋይበሩን ደርበው ዘጉ። አሁን ስታንኳኩት ከዳር እስከ ዳር ቲክ ነው።

ቀዳዳ አበሳሳቸውን ባየሁ ጊዜ ነው ባለሙያ ምን እንደሆነ የገባኝ። ለብሎኑ ከሚያስፈልገው ሰፋ አድርገው ይበሳሉ። በኢፖክሲ ይሞሉታል። ሲደርቅ መሃሉን በልኩ እንደገና ይበሳሉ። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፤ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው። ሲሊኮንን አጠገባቸው አያስደርሱም። የሚቀቡት ለጀልባ የተሠራውን ፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ነው። ታቦቹን ከጎን ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ፣ ከሆዷ ጠርዝ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው አሰሩ። 6 ሚሊ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነበር። የላሜራው ጫፍ ከሆዷ በታች ካለፈ ውሃው ፊት ለፊት እየመታው ይጎትታታል፣ ይረጫልም።

ከዚያ ያሳፈረኝ ነገር መጣ። ኤሌክትሪኩን ዘርግተው፣ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርገው ጨረሱና «ግራውን ተጫን» አሉኝ። ተጫንኩ። ቀኙ ላሜራ ወረደ። «ጋሼ፣ ሽቦውን አቀያየሩት መሰለኝ» አልኩ፤ ሰው ባለበት። ዝም ብለው አዩኝ። «አንተ ስትነዳ የምታየው የት ነው? ፊት አይደል? ግራው ቁልፍ የግራውን አፍንጫ ዝቅ ያደርጋል። የግራው አፍንጫ ዝቅ እንዲል ቀኝ ኋላዋ መነሳት አለበት።» አብረውን የነበሩት ልጆች እስካሁን «ካፒቴን፣ ግራህ የቱ ነው?» ይሉኛል።

ለሙከራ ወደ ዘጌ ሄድን። ስምንት ሰው ጭኜ። ድሮ አፍንጫዋ እስኪወርድ 14፣ 15 ሰከንድ እቆጥር ነበር። አሁን 7 ላይ ቀጥ አለች። ተቀምጬ ነዳሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለበትን ዳርቻ ከወንበሬ ሳልነሳ አየሁት። አንድ ያልጠበቅሁት ጥቅምም አለው። ኋላዋን የቀበረች ጀልባ ትልቅ ሞገድ ጥላ ነው የምታልፈው፤ የታንኳ ዓሣ አጥማጆች ስንቴ ረግመውኛል። የደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ የእኔን ሞገድ መቀበል ቀልድ አይደለም። አሁን ሞገዱ አንሷል።

የታቦቹን አጠቃቀምም ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ቁልፉን ነካ አድርገህ ጠብቅ፤ ጀልባዋ እስክትመልስልህ ሰከንዶች ትፈልጋለች። ብዙ ካወረድክ አፍንጫዋ ውሃ ይነክሳል፣ መሪውም አይታዘዝህም። ሞገዱ ከፊት ሲመጣ አውርድ። ከኋላ ሲመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ስንመለስ እንደሚሆነው፣ ሙሉ በሙሉ አንሳ። ወደ ኋላ ከመሄድህ በፊት፣ ዳር ከመጠጋትህ በፊት፣ እምቦጭ ውስጥ ከመግባትህ በፊት አንሳ። ይህን አንድ ጊዜ ረስቼ ደብረ ማርያም ዳር ላይ እምቦጩን በላሜራው አፍሼ ተመልሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ጉድ አሳዩኝ። የተረፈውን ኢፖክሲ በቆርቆሮው፣ ከየደረሰኙ ጋር አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ያንተ ነው» አሉ። ለጥገናው ከተስማማነው ሳንቲም አልጨመሩም፤ መበስበሱ ሲገኝ ሥራው እጥፍ ሆኖ ሳለ። እኔ ነኝ ግድ ብዬ የጨመርኩት።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አላቸው። ቀርፋፋ ናቸው። ነገ ካሉ ከነገ ወዲያ ነው። እሑድና ሚካኤል ቀን ስልክ አያነሱም። ስትቸኩሉባቸው ይቆጣሉ፤ ተቆጥተው ደግሞ ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። የሞተር ሆድ ዕቃም አይነኩም፤ «እሱ የሌላ ሰው እንጀራ ነው» ይላሉ። ፋይበር፣ የኋላ ግድግዳ፣ ታብ፣ የጀልባ ሽቦ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስጧቸው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። ያቺ እናት ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንደገና ተሳፍረው ነበር፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የወረዱት፣ ግን እየሳቁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ከአሁኑ ተናገሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የጀልባችሁን ኋላ ባዶ አድርጉት። ያለበለዚያ የመጀመሪያውን ቀን ጀሪካን ስትሸከሙ ነው የምትውሉት።