ምስጋና ለመካኒካችን፣ ጥቆማ ደግሞ ለ1.4 ቱርቦ ክሩዝ ባለቤቶች

በዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ በሼቭሮሌ ክሩዝ ኡበር ለምትሠሩ። ይህ ጽሁፍ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ በምታስተናግድ ትንሽ ጋራዥ ለሚሠሩት መካኒካችን ምስጋና ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልወደዱም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እንልካለን።

ምስጋናው ዕቃ ቶሎ ስለሚቀይሩ አይደለም። እንዲያውም ቀርፋፋ ናቸው፤ እጃቸው ዘይት ሲሆን ስልክም አያነሱም። ግን የተቀደደ ዕቃ ሲያገኙ አዲስ ከማዘዛቸው በፊት «ምን ቀደደው?» ይላሉ። በዚህ ሞተር ላይ ይህን የማይጠይቅ መካኒክ አንዱን ሥራ ሁለቴ ያስከፍላል።

የትኛው ሞተር እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ። ከ2011 እስከ 2015 ያለው 1.4 ቱርቦ ክሩዝ፣ በ2016 «ሊሚትድ» እየተባለ የተሸጠውም ጭምር፣ ባለ 4 ሲሊንደር 1,364 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ከቱርቦ ጋር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 72.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 82.6 ሚሊሜትር፣ ኮምፕረሽኑ 9.5 ለ1። በ4,900 ዙር 138 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ 148 ፓውንድ ፉት ቶርኩን በ1,850 ዙር ስለሚሰጥ ከተማ ውስጥ ከመጠኑ በላይ የሚጎትት ይመስላል። ብሎኩ (የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታታው (ከላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ሰንሰለት ስለሆነ «ታይሚንግ ቺንጊያ ይቀየር» ያላችሁ ሰው መኪናውን አላወቀውም ማለት ነው። ቤንዚኑም ከቫልቮቹ በፊት ኢንቴክ (የአየር ማስገቢያው) ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን እያጠበ ይገባል፤ የቫልቭ ካርቦን ማጽጃ ብለው ለሚጠይቋችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። በሶኒክ፣ በትራክስና በቢዊክ ኢንኮር ላይም ይኸው ሞተር አለ። በ2016 የመጣው አዲሱ ቅርጽ ክሩዝ ግን 153 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ብሎኩ አሉሚኒየም የሆነ፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሌላ ሞተር ነው፤ ችግሩም ሌላ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሞተር ሲሠራ በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ ጋዝ አለ። እዚያው ታፍኖ እንዳይቀር በኢንቴክ በኩል ተስቦ እንዲቃጠል ይደረጋል፤ ፒ.ሲ.ቪ. የሚባለው ሥራው ይኸው ነው። በብዙ መኪና ላይ በጥቂት ዶላር የምትገዛ አንዲት ቫልቭ ነች። እዚህ ግን ለሁለት ከፍለው ቀብረውታል፤ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ስስ ጎማ፣ ማለትም ዲያፍራሙ፣ በፕላስቲኩ የቫልቭ ክዳን ውስጥ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ደግሞ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ሆድ ውስጥ።

መኪናው በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ በዝቅተኛ ዙር፣ ሲቆም ማኒፎልዱ ይስባል፣ ቼክ ቫልቩ ይከፈታል፣ ጋዙ ይገባል። ነዳጅ ስትሰጡትና ቱርቦው ሲነፋ ማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት ይሆናል። ያኔ ቼክ ቫልቩ መዘጋት አለበት፤ ጋዙም በቆርቆሮ ጣሪያ ዓይነት በተሸበሸበው ረጅም ቱቦ ዞሮ ወደ ቱርቦው መግቢያ ይሄዳል። ችግሩ ቼክ ቫልቩ ብርቱካናማ ቀለም ያላት ትንሽ የጎማ ጫፍ መሆኗ ነው። በሙቀትና በዘይት ብዛት ትላላለች፣ አንድ ቀን ትነቀልና ሞተሩ ይውጣታል። ከዚያ በኋላ የቱርቦው ግፊት ቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ የክዳኑን ዲያፍራም ይቀዳል፣ ሲብስም ዘይቱን በኋላ በኩል፣ በሞተርና በካምቢዮ መሀል ባለው የዘይት ማቆሚያ ጎማ ይገፋዋል።

እንግዲህ ብዙ ቦታ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዲያፍራሙ ተቀዶ መኪናው ያፏጫል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል። ክዳኑ ይቀየራል፣ ፉጨቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ማኒፎልዱን ግን ማንም አላየውም። ቼክ ቫልቩ ከሌለ አዲሱም ክዳን ያው ዕጣ ይደርሰዋል፤ ባለመኪናው ያኔ «ዕቃው ፌክ ነበር» ይላል።

መካኒካችን የሚያዩበት መንገድ ይህ ነው፣ እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ኮፈኑን ክፈቱ። በቫልቭ ክዳኑ ላይ ክብ ሳንቲም የመሰለ ነገር አለ፤ እሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣት ሸፍኑ። ጣታችሁን ከሳበውና ፉጨቱ ቆሞ የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ አለቀ። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ፣ የተሸበሸበውን ቱቦ ከማኒፎልዱ በኩል ንቀሉና በእጅ ባትሪ ወደ ቀዳዳው አብሩ። ብርቱካናማዋ ጫፍ ካለች ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከሌለች ጥቁር ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቱቦውንም ሳያዩ አያልፉም፤ ከማኒፎልድ ጫፍ በአፍ ሲነፋ ማሳለፍ፣ ከቱርቦው ጫፍ ሲነፋ መዝጋት አለበት።

በስካነር የሚወጡት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ፒ0171 (ነዳጁ ለአየሩ አንሷል)፣ ፒ0507 (ሚኒሞው ከፍ ብሏል)፣ ፒ1101 (የገባው አየር ከስሌቱ አልገጠመም) እና ፒ0299 (የቱርቦው ግፊት አንሷል) ናቸው። ፒ1101 ሲያዩ ወዲያው የአየር መለኪያውን ሴንሰር የሚቀይሩ ሞልተዋል። ሴንሰሩ እኮ ያየውን ነው የሚናገረው፤ ሳይለካ የሚገባ አየር ካለ ስሌቱ አይገጥምለትም። መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ።

ቼክ ቫልቩ ከሌለ ከፋብሪካው ለብቻው ስለማይመጣ ማኒፎልዱ ከነክዳኑ ይቀየራል፤ ወይም ከውጭ ሌላ ቼክ ቫልቭ የሚያስገባ ኪት ይገጠማል። መካኒካችን ኪቱን ይቃወማሉ ብለን ነበር፤ አይቃወሙም፣ የሚጠሉት ብራንድ የሌለውን ርካሽ ክዳን ነው። አንዱን በእጃቸው ይዘው ጠርዙን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀመጡት፤ በአንድ ጥግ ወረቀት ያሳልፋል። እንዲህ ያለው ክዳን ቢታሰር ጥግ ላይ ያለው ዘይት የጭስ ማውጫው ላይ እየወረደ ይሸታል። ክዳኑ ሲገጠም የቴስታታው ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ ይጸዳል፣ በብረት አይነካም፤ ብሎኖቹ ከመሀል ወደ ዳር በ8 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። በእጅ ግምት ያጠበቀ ሰው ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው በሽታ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ማሞቂያ ስትከፍቱ ጣፋጭ ሽታ ከገባና ማጠራቀሚያው በየሳምንቱ ከጎደለ የውሃ ፓምፑን ጠርጥሩ። አምራቹ ራሱ ለዚህ ፓምፕ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞት ነበር፤ አሁን ዓመቱ አልፏል። ደግነቱ ፓምፑ የሚዞረው በውጭው ቺንጊያ ስለሆነ ሰንሰለቱ አይነካም። ከፓምፑ ሌላ ከቴስታታው ጎን ያለችው የፕላስቲክ የውሃ መውጫ ትሰነጠቃለች፣ ቴርሞስታቱም ከነቤቱ ያንጠባጥባል። ፒ0597 (የቴርሞስታቱ ኤሌክትሪክ መስመር ኮድ) ከወጣ የቴርሞስታቱን ሶኬት ንቀሉና እዩ፣ ብዙ ጊዜ ኩላንት ገብቶበታል። መካኒካችን በዓይን አይፈርዱም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማጠራቀሚያው ላይ ፓምፕ አስረው እስከ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ይነፉና ከየት እንደሚወጣ ይጠብቃሉ። ሲሞሉም ከራዲያተሩ ላይ ያለችውን የአየር መውጫ ብሎን ይፈቱና ያለ አረፋ ሲፈስ ይዘጋሉ። ፕላስቲክ ነች፣ ቀስ ይባል። ኩላንቱ ዴክስኩል፣ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር፤ አረንጓዴውን አትቀላቅሉበት።

ዘይት ከታች ሲንጠባጠብ ሁሉም የዘይት ቋቱን ይወቅሳል። በዚህ ሞተር ግን ከጭስ ማኒፎልዱ ሥር የተደበቀው የዘይት ማቀዝቀዣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይደርቅና ዘይቱ ብሎኩን ይዞ ይወርዳል፤ ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቱቦ ጫፍም እንዲሁ። እሳቸው ጠርገው፣ የሚያበራ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨምረው፣ ጥቂት ቀን ነድታችሁ እንድትመለሱ ያደርጋሉ። ዘይቱ 5ደብሊው-30 ዴክሶስ 1፣ ከፊልተሩ ጋር 4 ሊትር። የፊልተሩ ክዳን በ24 ሚሊሜትር ሶኬት ይፈታል፣ በ25 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፣ የጎማ ቀለበቱም አብሮ ይቀየራል። ዳሽቦርዱ «ገና ነው» ቢልም ለታክሲ ሥራ በየ5,000 ማይሉ ቀይሩ።

ፒ0299 ማለት ቱርቦ ሞተ ማለት አይደለም። ከላይ ያልነው ፒ.ሲ.ቪ. ራሱ ያመጣዋል። ከዚያ የኢንተርኩለር (የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ) ቱቦዎች፣ ከዚያ ቱርቦው ላይ ያለው የባይፓስ ቫልቭ ዲያፍራም፣ ከዚያ የዌስትጌቱ (ትርፉን ጭስ ከቱርቦው ጎን የሚያሳልፈው በር) ክንድ ይታያል፤ ቱርቦ መቀየር መጨረሻ ላይ ነው። ካንዴላ ስትቀይሩ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አድርጉ፣ በቀዝቃዛ ሞተር በ25 ኒውተን ሜትር እሰሩ። ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ለአራቱም አንድ ስለሆነ ሁለቱን ጫፍ እኩል ወደ ላይ ሳቡት፤ በአንድ ጎን ከተነሳ ጎማዎቹ ይቀደዳሉ።

የኢሚሽን (የጭስ) ፈተና የደረሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ኮድ አጥፍቶ መሄድ አያሳልፍም፣ ኮምፒውተሩ ገና ራሱን ስላልፈተሸ ይመልሷችኋል። ወደ መካኒካችን ስትሄዱም ኮዱን አታጥፉ፣ ማስረጃቸው እሱ ነው። ቅዳሜ ወረፋው ብዙ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ቁልፉን ማታ አስረክባችሁ ብታሳድሩት ደግሞ ሞተሩን በቀዝቃዛው ያገኙታል። ከመሄዳችሁ በፊት የኩላንቱን ደረጃ ማጠራቀሚያው ላይ በማርከር አስምሩበት፣ ቀኑንም ጻፉበት።