አክራን በእግር፦ አስጎብኚው ጎበዝ ነው፣ ገበያውን ግን ዘለለው

እኔ መርካቶ ብትን ጨርቅ ነው የምሸጠው። የጋና ዋና ከተማ አክራም የሄድኩት ማኮላ ገበያ ጨርቅ ለማየት እንጂ ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። አንድ ቀን ሲተርፈኝ ያረፍኩበት ቤት ልጅ «የ1948ቱን ሰልፍ መንገድ በእግር የሚያስጎበኝ ሰው አለ» አለኝና 250 ሲዲ (የጋና ብር) ከፈልኩ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ የካቲት 20 ቀን 1940 መሆኑ ነው።

መነሻው የጋና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የንክሩማ መቃብር ያለበት ግቢ ነው። ያኔ የእንግሊዞች የፖሎ ሜዳ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ተዋግተው የተመለሱ የአገሩ ወታደሮች የጡረታና የሥራ አቤቱታቸውን ይዘው የተነሱት ከዚያ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተባልን፣ አስጎብኚው ሦስት ተኩል አለፍ ሲል መጣ። ይቅርታ የለ፣ ውሃ ያዙ የሚል ማስጠንቀቂያ የለ። በዚያ ወበቅ!

የ28 ፌብሩዋሪ መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ ግን ንዴቴ ጠፋ። እኛን እንደ ሰልፈኛ ደረደረና እሱ ፊት ለፊታችን ቆመ። ሰልፈኞቹ ፈቃድ የተሰጣቸው በሌላ መንገድ እንዲሄዱ ነበር፤ እነሱ ወደ እንግሊዛዊው ገዥ ጄራልድ ክሪሲ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ኦሱ ግንብ ታጠፉ። የፖሊስ አዛዡ ኢምሬይ ጥቂት ፖሊሶች ይዞ መንገድ ዘጋ። ድንጋይ ተወረወረ። «ተኩሱ!» ብሎ አዘዘ፣ አልተተኮሰም። ከአጠገቡ ካለው ፖሊስ ጠመንጃውን ነጥቆ ራሱ ተኮሰ። አስጎብኚያችን የሞቱትን ሦስቱን በማዕረጋቸው ጠራ፦ ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖ፣ ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ። «ፖሊሶቹ ለምን አልተኮሱም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልሰሙም የሚል አለ፣ እንቢ አሉ የሚልም አለ» አለኝ። ሳያጋንን መመለሱን ወደድኩለት።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተማው በእሳት የጋየው፣ የነጮቹ ሱቆች የተዘረፉት፣ በጥቂት ቀናት 29 ሰው የሞተው በጥይቱ ብቻ ይመስል፣ ገበያውን በአምስት ደቂቃ አለፈው። የካካዎ ገበሬው በዛፍ በሽታ ምክንያት ዛፉን መንግሥት እየቆረጠበት ተቆጥቶ ነበር፤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ኒ ክዋቤና ቦኔ የሚባሉ ባላባት የጨርቅና የሌላ ዕቃ ዋጋ ሰማይ ስለነካ ሕዝቡ ከውጭ ነጋዴዎች እንዳይገዛ አስማምተው፣ አንድ ወር ያህል ሰው አልገዛም። በመጨረሻ ነጋዴዎቹ ትርፋችንን ከ75 በመቶ ወደ 50 እናወርዳለን አሉ፣ ሱቅ የሚከፈተውም ሰልፉ በተደረገበት በዚያው ቅዳሜ ሆነ።

እስቲ አስሉት። በ100 የገዛኸውን ጣቃ በ175 ስትሸጥ ነበር፣ አሁን በ150 ትሸጣለህ። ቅናሹ ከመቶ 14 ገደማ ነው። ሕዝቡ ግን ዋጋው በግማሽ የወረደ መስሎት ነው ገንዘቡን ቋጥሮ ጠዋት የወጣው! እኔ ደንበኛዬን እንዲህ ባደርጋት መቀሱን ትወረውርብኛለች። ከሰዓት በኋላ የተኩሱ ወሬ የደረሰው እንዲህ ተታለልኩ ብሎ ሱቅ በር ላይ ለቆመ ሰው ነው። ይህን ስነግረው አስጎብኚው ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተማርኩት። የጎልድ ኮስት (ጋና ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) ወታደር የተዋጋው በርማ ብቻ ይመስለው ነበር። አባቴ የነገሌ ቦረና ሰው ነው፤ በእኛ 1933 ዋደራ ጫካ ውስጥ ጣሊያንን ሦስት ሳምንት የተዋጉት የእነሱ ሰዎች መሆናቸውን ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ «ዋ-ደ-ራ» እያለ ጻፈ፣ ደግሞ አነበበልኝ።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ኮፍያና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገበያው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቁም በሉት።