ኮርቬት ወይስ ፖርሼ፣ ኤንኤስኤክስ ወይስ ፌራሪ፦ ማስታወቂያው የማይነግርዎት ልዩነት

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወጣት ወዳጄ ባለፈው ሐምሌ ደወለልኝ። ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በስፖርት መኪና ላይ ሊያውለው ቆርጧል። «ጋሼ፣ ኮርቬት ልግዛ ወይስ ፖርሼ? ኮርቬቱ በፈረስ ጉልበት ይበልጣል፣ ሲነሣም ይቀድማል፣ ዋጋውም በብዙ ያንሳል» አለኝ። ቁጥሮቹን እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። አንዱም ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን አንዱንም ራሱ አልመረጠውም፤ የመረጠለት መኪናውን የሚሸጠው ኩባንያ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አልኩትና ጥቂት ቀን እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ይህ ንጽጽር ለእርሱ የጻፍኩት መልስ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የሚጠቅመው በተለይ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለብዙኃኑ መኪና የሚሠራ ኩባንያ ስመ ጥር የስፖርት መኪና ሠሪን ሊገዳደር ሲነሣ በስሙ መመካት አይችልም። ስለዚህ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ ተቀናቃኙን ይመርጣል፤ ቀጥሎ የሚያሸንፍበትን መለኪያ ይመርጣል፤ ከዚያ ዋጋውን ከጎኑ ያስቀምጣል። ጄኔራል ሞተርስ በሐምሌ 2019 ስምንተኛውን ትውልድ ኮርቬት ሲያስተዋውቅ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ከ1953 ጀምሮ ከፊት የኖረው ሞተር እንደ ፌራሪና እንደ ላምቦርጊኒ ከሾፌሩ ጀርባ ገባ። ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 490 የፈረስ ጉልበት፣ መነሻ ዋጋ 59,995 ዶላር። በዚያን ወቅት የፖርሼ 911 መነሻ ዋጋ 100 ሺህ ዶላር አካባቢ፣ ጉልበቱም 379 ነበር። በወረቀት ላይ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል።

የዚህ ዓይነቱን ክርክር በሚገባ ያሳየን ግን ኒሳን ጂቲ-አር ነው። መኪናው በ2007 ቶኪዮ ላይ ሲቀርብ ኒሳን በግልጽ ያነጣጠረው በፖርሼ 911 ቱርቦ ላይ ነበር። ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ የሚባል፣ በደን መካከል የሚጠማዘዝ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የውድድር መንገድ አለ። ኒሳን በ2008 ይህን መንገድ በ7 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ እንደዞረው አስታወቀ። አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋው 69,850 ዶላር ነበር፤ 911 ቱርቦ ደግሞ ከ120 ሺህ በላይ። ፖርሼዎች ዝም አላሉም። ከአሜሪካ አንድ ጂቲ-አር ገዝተው በራሳቸው ሾፌር አስነዱትና 7 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ እንደወሰደበት ተናገሩ። ኒሳን ውጤቱ እውነተኛ ነው ብሎ ጸና፤ መኪናውን መንዳት ከፈለጋችሁ እናሠለጥናችኋለን የሚል መልስም ሰጠ።

በዚህ ጭቅጭቅ ማን ትክክል እንደነበረ እንደ ገዢ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ የ25 ሴኮንድ ልዩነት። ሾፌሩ፣ ጎማው፣ የአየሩ ሁኔታ እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ይቀይሩታል። እርስዎ ያንን መንገድ በዚያ ፍጥነት መቼም አይዞሩትም፤ ሁለቱም መኪኖች ሰኞ ጧት በትራፊክ መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዚህ ረገድ በ2025 ጄኔራል ሞተርስ ያደረገውን ወድጄዋለሁ። ኮርቬቶቹን በኑርቡርግሪንግ ያስነዳው በባለሙያ ተወዳዳሪዎች ሳይሆን በራሱ መሐንዲሶች ነው፤ ከሁሉ የሚፈጥነውም በ6 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ዞረ። መኪናውን የሠራው ሰው ራሱ ሲነዳው ማየት ከቁጥሩ በላይ አሳመነኝ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሆንዳ በሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ያንን ነው። በ1990 ለገበያ የቀረበው ኤንኤስኤክስ፣ አሜሪካ ውስጥ በአኩራ ስም የተሸጠው፣ አካሉ በሙሉ ከአልሙኒየም ነበር። በቪ6 ሞተሩ ውስጥ የታይታኒየም ክፍሎች ነበሩበት፤ 8,000 ዙር ይደርሳል። ብራዚላዊው የፎርሙላ አንድ ጀግና አይርተን ሴና በሙከራ ጊዜ ነድቶት አካሉ ገና አልጠነከረም በማለቱ መሐንዲሶቹ አጠናከሩት። ኢላማው ፌራሪ ነበር። ይሁን እንጂ ሆንዳ ገዢውን ያባበለው በሴኮንድ ብቻ አልነበረም። ዙሪያውን አጥርቶ የሚያሳይ መስታወት፣ የማይከብድ ፍሪሲዮን፣ በበጋ ሙቀት የማይታክት ማቀዝቀዣ፣ ጧት ሲያስነሡት የሚነሣ ሞተር አቀረበ። ዝነኛውን ማክላረን ኤፍ1 የነደፈው ጎርደን መሪ ኤንኤስኤክስን ከነዳ በኋላ ለማነጻጸሪያ ይዟቸው የነበሩትን ሌሎች መኪኖች እንደተወ ራሱ መስክሯል። ከዚያ ወዲህ የፌራሪ መሐንዲሶችም ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም ይበልጥ መጨነቅ እንደጀመሩ ብዙዎች ያምናሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ሆንዳ በ2016 ሁለተኛውን ኤንኤስኤክስ ሲያወጣ ግን ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀ። ኤሌክትሪክ ሞተሮች የታከሉበት ግሩም መኪና ነበር። በዚያ ዋጋ ግን ገዢው የፖርሼን ወይም የኦዲ አር8ን በር ማንኳኳት ይችላል። በ2022 ምርቱ ሲቆም በዓለም ዙሪያ የተሠራው 3 ሺህ አይሞላም ነበር። የመጀመሪያው በተመጣጣኝ ዋጋ ያልተጠበቀ ነገር ሰጠ፤ ሁለተኛው በስመ ጥሮቹ ዋጋ ያለ ስማቸው መጣ።

ስመ ጥሮቹስ የሚሸጡት ምንድን ነው? ፌራሪ በዋናነት የሚሸጠው መጠበቅን ነው። በ2024 ለዓለም ሁሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ብቻ ነው፤ ገበያው ከሚፈልገው በታች ማምረትን ከመሥራቹ ዘመን ጀምሮ ልማዱ አድርጎታል። ስለዚህ የፈረስ ጉልበትን ከማንም ጋር እያነጻጸረ ሊለምንዎት አይመጣም። ፖርሼ ከዚህ ይለያል። የ911ን ቅርጽ ከስድሳ ዓመት በላይ ጠብቆ ይዞታል፤ ሞተሩ ዛሬም ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ሲያይ አይደንቀውም፤ ቮልስንም የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነውና። የፖርሼ ስልት መነሻ ዋጋውን ማሳየትና ከዚያ ረጅሙን የተጨማሪ ዕቃዎች ዝርዝር መዘርጋት ነው። የቀለም፣ የወንበር፣ የጎማ ቸርኬ፣ የፍሬን ምርጫው እየተደመረ ዋጋውን በአሥር ሺዎች ያሳድገዋል። በመነሻ ዋጋ የወጣ 911 ከመሸጫው በር ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

ኮርቬትም በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለም። ስምንተኛው ትውልድ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ሻጮች በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ ሲጠይቁ ነበር። ዜድ06 የተባለው 670 የፈረስ ጉልበት ያለው ዓይነት ሲመጣ ገዝቶ ወዲያው የሚቸረችር ስለበዛ፣ ኩባንያው መኪናውን ለአንድ ዓመት ይዘው ለሚያቆዩ ገዢዎች 5,000 ዶላር የሚያወጣ የሽልማት ነጥብ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። እንግዲህ «ርካሽ» የተባለውን ዋጋ ሲሰሙ፣ ያንን ዋጋ በጽሑፍ የሚሰጥዎትን ሻጭ አስቀድመው ይፈልጉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ኮርቬትን ይምረጡ የምለው ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚነዳና ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ ቦታ አለው። ኮርቬት የሚሸጠው በሼቭሮሌት ስም ስለሆነ ጥገናው በየከተማው ባሉ የሼቭሮሌት መሸጫዎች ይሠራል፤ ሞተሩም ለረጅም ጊዜ የተፈተነ የአሜሪካ ቪ8 ነው። የዛሬ መነሻ ዋጋው 70 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲሆን የአዲስ 911 መነሻ ከ120 ሺህ አልፏል። በእጅ የሚቀየር ማርሽ ለሚወድ ግን ኮርቬት አይሆንም፤ ይህ ትውልድ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ነው። 911 በተወሰኑ ዓይነቶቹ ላይ አሁንም በእጅ የሚቀየረውን ይሰጣል።

911ን የምመክረው አንድ መኪና ብቻ ለሚኖረው ነው። ጠባብም ቢሆኑ የኋላ ወንበሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ በበረዶ ወቅት ደግሞ ባለ አራት ጎማ መንጃ የሆነው ዓይነቱ ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ የአዲስ ፖርሼ ዋስትና አራት ዓመት ሲሆን የሼቭሮሌት አጠቃላይ ዋስትና ሦስት ዓመት ነው። ያገለገለ 911 በሚሸጥበት ጊዜ ዋጋውን ይዞ የመቆየት ልማድ አለው። የመጀመሪያው የዋጋ ልዩነት ከዓመታት በኋላ በከፊል ወደ ኪስ ይመለሳል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሰርቪሱና መለዋወጫው ውድ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አስልቶ የገባ ሰው በፍሬንና በጎማ ወጪ ይደነግጣል።

የቆየ መኪና ፈልጎ ከመጀመሪያው ኤንኤስኤክስና ከዘመኑ ፌራሪ 348 ለሚያማርጥ ሰው ያለ ማመንታት ኤንኤስኤክስ እላለሁ። የ348 የሞተር ቀበቶ ሲቀየር ሞተሩ በሙሉ ከመኪናው መውጣት አለበት፤ የኤንኤስኤክስ ሞተር እቦታው እንዳለ ይቀየራል። ይህ አንድ ነገር ብቻ በየጥቂት ዓመቱ የብዙ ሺህ ዶላር ልዩነት ያመጣል። ስመ ጥሩ ፌራሪ ቢሆንም በደህና ይዞታ ላይ ያለ ኤንኤስኤክስ ከ348 በላይ ሲሸጥ ማየት ዛሬ የተለመደ ነው።

ጂቲ-አርን በተመለከተ ምርቱ በ2025 ቆሟል፤ ስለዚህ የሚያገኙት ያገለገለውን ነው። በቀደሙት ምርቶች ላይ ከቆመበት በኃይል ለመነሣት የተሠራው ሥርዓት ካምቢዮውን እየጎዳ በዋስትና ጉዳይ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ኒሳንም በኋላ ሥርዓቱን አስተካክሎታል። የጥገና መዝገቡን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ። ዱባይ ወይም ሻርጃ የሚገዙ ከሆነ ለአካባቢው ሙቀት የተዘጋጀውን ከአሜሪካ በአደጋ ተጎድቶ ከመጣው ይለዩ፤ ዋጋው በጣም ሲወርድ ምክንያት አለው።

ለወጣቱ ወዳጄ ይህን ሁሉ ካነበብኩለት በኋላ ሁለት ነገር እንዲያደርግ ነገርኩት፦ ለሁለቱም መኪኖች የኢንሹራንስ ዋጋ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ሲሞክራቸውም የአራት ዓመት ልጁን መቀመጫ ይዞ እንዲሄድ። ቅዳሜ ዕለት መልሶ ደወለ። መቀመጫው ፖርሼው ውስጥ ገብቷል፤ ልጅቷም ወርዳ ወደ ቤት አልሄድም ብላ አስቸግራዋለች። አዲሱን የመግዛት አቅም ስለሌለው አንድ ሰው ብቻ የነዳውን የ2020 911 ከሙሉ የጥገና መዝገቡ ጋር አግኝቶ ሰኞ መካኒክ ሊያሳየው ቀጠሮ ይዟል።