ለፒያሳው ጋሼ፣ ከእማዬና ከእኔ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ ወይም ቤታችሁ ሰው የታመመባችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ፒያሳ ላይ በረንዳ ሥር ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡና የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው "ስሜ ምን ይሠራልሻል፣ ስለ መጽሐፎቹ ንገሪልኝ" አሉኝ። እሺ ብያለሁ።

ባለፈው ክረምት እማዬ ታማ ሆስፒታል ገባች። የበሽታው ዝርዝር ይቅር። ሃያ ሦስት ቀን ተኛች፤ እኔም ከአልጋዋ ሥር ካርቶን ላይ። አስታሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከመሮጡ መጠበቁ ይብሳል። ውጤት ትጠብቃለህ፣ ሐኪም ትጠብቃለህ፣ ግሉኮሱ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ስልክ ስከፍት ደግሞ ወሬው ሁሉ የባሰ ነው። ዘጋሁት።

መጽሐፍ ስወድ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ከጋሼ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተከራይቼ ገባሁ። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብሁት። ዓይኔ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ልቤ ግን እዚያ የለም። በሦስተኛው ቀን ልመልሰው ሄድሁ።

"ምን ሁነሻል?" አሉኝ ፊቴን አይተው። ነገርኋቸው። ልብ ወለዱን ተቀበሉኝና ከሸራው ጫፍ ቀጭን ነገር አንስተው ሰጡኝ። የልጆች መጽሐፍ። ሽፋኑ ላይ አያ ጅቦ ነጠላ አጣፍቶ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅ የለኝም።"

"አንችስ የሰው ልጅ አይደለሽ?" አሉና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። ሰው እንዳያይብኝ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የገባሁት።

ማታ መብራቱ ደብዘዝ ሲል አወጣሁት። በአንድ ገጽ ሁለት መስመር፣ የቀረው ሥዕል ነው። ሁለት መስመር ለመጨረስ ያልደከመ ጭንቅላት አያስፈልግም። ገጽ ስገልጥ አንድ ነገር የጨረስሁ ይመስለኛል። በዚያ ሰሞን ምንም ነገር አላለቀልኝም ነበርና ይሄ ቀላል አልነበረም። ደግሞም አያ ጅቦ መጨረሻ ላይ እንደሚሞኝ ከመጀመሪያው አውቃለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ መጨረሻውን የማውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

እማዬ ነቅታ ስታየኝ ኖሯል። "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ።

"የልጆች ነው እማዬ።"

"እስቲ ወዲህ በይው።"

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ገለጠችው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ቆመች። አንዲት ሴት ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ተስላለች።

"እንሥራውን ራሷ ላይ ምን አወጣው?"

"እንዴት?"

"እንሥራ በገመድ ይታዘላል እንጅ! ይሄን የሳለው ሰው እናት የለውም?"

ለሦስት ቀን "ውኃ" እና "እህ" ብቻ ስትል የነበረች ሴት ናት። ሳቅሁ፤ ነርሷ ዞር ብላ እስክታየኝ ድረስ ሳቅሁ። እሷ ግን ከልቧ ተናዳለች። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ከእጇ አልወጣም። ሥዕሉን እያየች ለእኔ ትተርትልኛለች፤ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ። ጦጢት ለምን እንደተቆጣች፣ የአያ ጅቦ ሚስት የት እንደሄደች።

"ሳታነቢው ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" ብላት "የሥላሴን ግድግዳ ማን አነበበልኝ?" አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማለቷ ነው። ልክ ናት። ጎንደር ውስጥ ያደገ ሰው በሥዕል ማንበብ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንገትህን ወደ ላይ ስትሰብቅ ጣሪያው ሙሉ በዓይናቸው የሚያፈጡብህ መላእክት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰማዕታቱ። ራሱ ቤተ ክርስቲያኑም በተረት የታጠረ ነው። በ1880 ዓ.ም ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል። እማዬ ያንን ታሪክ ያኔ የነበረች ይመስል ንቦቹን በእጇ እያሳየች ነው የምትነግርህ።

በአምስተኛው ቀን ማዶ አልጋ የተኛች ሴትዮ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። "ተረት ተረት" ስንለው "የላም በረት" አለ። የጥጉ አልጋ አስታማሚ፣ ጎልማሳ ሰውዬ፣ አባባ ተስፋዬን ለማየት ጎረቤት ቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይንጠለጠል እንደነበር አጫወተን። የአያ ጅቦ መጽሐፍ ከአልጋ አልጋ ዞረ። ሾርባ ፈሰሰበት። አንድ ገጹ ከሥሩ ተላቀቀ።

ጭንቄ እሱ ነበር። እማዬ ወጥታ፣ ተመስገን፣ ቤት ከገባች በኋላ የመጽሐፉን ዋጋ ይዤ ሄድሁ። ጋሼ ገንዘቡን አልነኩም። ከካርቶናቸው መርፌና ወፍራም ክር አወጡና ያንን ገጽ እጥፋቱ ላይ ሰፉት። እጃቸውን ብታዩ! መርፌዋን በድሮው ቀዳዳ ነው የሚያስገቡት፣ አዲስ አይበሱም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል ይላሉ። ስኮች የሚባል ነገር አይወዱም። ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ይሆንና ፊደሉን ይዞ ይነሳል። እናንተም ቤታችሁ የተገነጠለ የልጅ መጽሐፍ ካለ አትጣሉት፣ ውሰዱላቸው። ለትንሽ ነገር ክፍያም አይጠይቁም።

ኪራዩ ለሳምንት ሃያ ብር ነው፣ መያዣ ያስይዛሉ። ለልጅ ከሆነ ዕድሜውን ይጠይቋችኋል፤ ገና ወረቀት የሚያኝክ ከሆነ ወፍራሙን ካርቶን ገጽ ይሰጧችኋል። አማርኛ የልጆች መጽሐፍ ብዙ የላቸውም፣ ያው እንደ ሁሉም ቦታ። ከውጭ የመጣውን ጽሑፉን ተዉትና ሥዕሉን ራሳችሁ ተርቱት ይላሉ። ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ካነሳችሁባቸው ደግሞ ቶሎ አትላቀቁም። ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሥራቸውን ትተው መጥተው አዲስ አበባ ላይ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት፣ አዋሳ ላይ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ያዞሩት ሰውዬ ናቸው። የጋሼም ምኞት ጋሪ ነው። የፒያሳን ዳገት አህያዋ ትችለዋለች ወይ የሚለው ላይ ብቻ ነው የምንከራከረው።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ጠዋት ይዘገያሉ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት አትድከሙ። ዝናብ ካለ የሉም። ዋጋ ላይ ንቅንቅ የለም፤ ብትከራከሩ ዝም ነው መልሳቸው። ስልክ አያነሱም።

ጋሼ፣ ይሄን ሰው ካነበበልዎ፣ አንድ ያልነገርሁዎ ነገር አለ። መጽሐፉን ስመልስ ፈርቼ ነው የደበቅሁት። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል እማዬ የነርሷን ሰማያዊ እስክርቢቶ ተቀብላ፣ በሕይወቷ እስክርቢቶ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው፣ ገጽ ዘጠኝን ገለጠች። የሴትዮዋ ጀርባ ላይ የተንጋደደ ክብ ሣለች። ከክቡ እስከ ደረቷ ገመድ አዞረችበት። ራሷ ላይ የተሣለውን እንሥራ ግን ማውረድ አልቻለችም። ስለዚህ አሁን ሴትዮዋ ሁለት እንሥራ ተሸክማ ነው ከምንጭ የምትመለሰው።